የካርቡሬተሩ ብራና

በጽሕፈት ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከመዳፍ የማይበልጥ የብራና ቁራጭ አለ። መካከሉ ክብ ሆኖ ተበስቷል፤ በአራቱም ማዕዘን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጠርዙ ጠቁሯል። የልጅ ልጆቼ ሲያዩት ክታብ ይመስላቸዋል። አንደኛዋማ ባለፈው ገና፣ “አያቴ፣ ይኼ ለምን በሽታ ነው የሚታሰረው?” ብላ ጠየቀችኝ። “ለመኪና በሽታ” ብዬ መለስኩላት፤ የቀለድኩባት መስሏት ሳቀች። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል፤ ሆኖም ሽታ ይህን ያህል ዘመን ይቆያል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ምናልባት የሚሸተኝ ብራናው ሳይሆን የገዛ ትዝታዬ ነው።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስሰማ ነው። እውነተኛ ሰው እንኳ ያየውን ከሰማው ጋር እንደሚቀላቅል አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን የሚያነብ ሰው እኔንም እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ምስክር ቢቆጥረኝ ደስ ይለኛል።

ልጅ እያለሁ ደብረ ታቦር ውስጥ አባቴና ታናሽ ወንድማቸው ደርሰህ በጋራ አንዲት የቤንዚን ቫን ነበረቻቸው። ሰማያዊ እንደነበረች በዓይነ ኅሊናዬ አያለሁ፤ እህቴ ግን አረንጓዴ ነበረች ትላለች። ሞተሯ ከፊት በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ በክዳን ሥር ስለነበር፣ በብርድ ወራት ገበያተኞች እዚያ አጠገብ ለመቀመጥ ይሻሙ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ራሳቸው ይነዱ ነበር፤ ደርሰህንም መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ መሪውን ለወንድማቸው ለቀው፣ ቤንዚን ማስመጣቱንና የእህል ሱቁን ያዙ። ደርሰህ ወላጆቹ በሕፃንነቱ ስለሞቱበት ያደገው በእኛ ቤት ነው። ለእኔ ስሙ አጎት ይሁን እንጂ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር።

የቫኗ ሕመም የጀመረው በክረምቱ ማብቂያ ይመስለኛል። ስትሮጥ ደህና ነበረች፤ ችግሩ ስትቆም ነው። ደርሰህ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ፣ ሹፌሮች ሚኒሞ በሚሉት በዚያ ቀስ ብላ በምትተነፍስበት ሰዓት፣ ሞተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ጣሪያው ላይ የታሰረው ዶሮ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንድ ጊዜ እንደ ማስነጠስ ብላ ጭጭ ትላለች። በመንገዷ ላይ ባለችው ከተማ፣ ገሳይ፣ መንገደኛ ለማውረድ በቆመች ቁጥር ወንዶቹ ወርደው በግፊ ያስነሧት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንድ ሽማግሌ፣ “የጉና ብርድ ገብቶባታል” ሲሉ፣ አንዲት ቅቤ ነጋዴ፣ “ብርዱስ እኔንም ገብቶብኛል፤ የሚገፋኝ አጣሁ እንጂ” ስትል እስካሁን ይሰማኛል።

አባቴ ጥፋቱ የደርሰህ ነው አሉ፤ ጠዋት ለማስነሻ የሚሳበውን ቾክ ሳይመልስ እየነዳ፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ጥላሸት አስበላው ብለው ነበር። ደርሰህ ደግሞ አባቴ በበርሜል የሚያስመጡት ቤንዚን ውሃ አለበት አለ። ነገሩ በቃል አልቆመም። አባቴ ካርቡሬተሩን አውልቀው ጥላሸቱን ለጎረቤት አሳዩ። በማግስቱ ደርሰህ ራሱ አውልቆ፣ ከሥሩ አገኘሁት ያለውን ውሃ በብርጭቆ ይዞ ሽማግሌዎች ፊት አቀረበ። አባቴ ያ ውሃ ቀድሞም ብርጭቆው ውስጥ የነበረ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ የድንበርና የከብት ክርክር የለመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ይህኛው ግን አስቸገራቸው። አንደኛው፣ “እኛ የበሬ ጥርስ አይተን ዕድሜ እንናገራለን፤ የዚችን አፍ ከፍተን ብናይ ምን ልንል ነው?” ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ ቃል መለዋወጥ አቆሙ። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። “ለአባትህ ንገረው፣ የኋላው ጎማ ተንፍሷል በለው” ይላል ደርሰህ። አባቴ ከዚያው ቆመው፣ “ለአጎትህ ንገረው፣ አይቻለሁ በለው” ይላሉ። መልእክቱ እኔ አፌን ሳልከፍት ደርሷል፤ ቢሆንም ሁለቱም እስክደግመው ይጠብቁ ነበር። እኔም እንደ ሹመት ቆጥሬው መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የቆየው ግን አባቴ ቫኗ ትሸጥ እስኪሉ ድረስ ነው። ከወረታ አንድ ነጋዴ ቅዳሜ መጥቶ ሊያያት ተቀጠረ። ደርሰህም፣ ከተሸጠች ለእርሻ ሥራ ሑመራ እወርዳለሁ አለ። ከሰፈራችን ሑመራ ከወረዱት ጎልማሶች ወባ ይዟቸው የተመለሱ ነበሩ፤ ጨርሶ ያልተመለሱም ነበሩ። እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ፣ “ይኼ ልጅ ከዚህ ቤት የሚወጣው በሠርግ ነው እንጂ በካርቡሬተር አይደለም” አለች። ያን ሰሞን ደርሰህ የሚተኛበትን መደብ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር አየው ነበር፤ ባዶውን ለመገመት እየሞከርኩ ይመስለኛል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደርሰህ ቫኗን ግቢያችን ውስጥ አቁሞ ለመጨረሻ ጊዜ ሊመረምራት ክዳኑን ከፈተ። አንድ ሰው ነዳጁን ሲይዝለት እሱ ሞተሩን ማየት ነበረበት። አንዱን ጎረቤት አስቀመጠ፤ ሰውየው አብዝቶ ይረግጥና ሞተሩ ያገሳል፣ ደንግጦ ሲያነሣ ይጠፋል። እንደዚያ ሲሆን በሽታው አይታይም፤ ልትጠፋ ስትል፣ በዚያች ስስ ቦታ ላይ፣ መያዝ ነበረባት። እንደዚያ የሚይዝ እግር የነበረው በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው። ደርሰህ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ ወደ መሬት እያየ፣ “ለአባትህ ንገረው፣ እግሩን ያውሰኝ በለው” አለኝ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእናቴ ሰጡና፣ “ለአጎትህ ንገረው፣ በባዶ እግሬ ነው የምረግጠው በለው” አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሞተሩ በሁለቱ መካከል ስለሆነ፣ ደርሰህ አጎንብሶ ሲሠራ ራሱ ከአባቴ ትከሻ አንድ ክንድ አይርቅም። እኔ ከኋላ ወንበር ተንበርክኬ የአንዱን ቃል ለሌላው አቀብላለሁ።

ደርሰህ በመጀመሪያ እሳት የሚጭሩትን የካንዴላዎች ሽቦ አንድ በአንድ እየነቀለ መለሰ። አንዱን ሲነቅል ሞተሩ ካልተለወጠ ድሮም የማይሠራው እሱ ነው ማለት ነው። በእያንዳንዱ ግን ሞተሩ ይብሱን ተንገዳገደ፤ ሁሉም ይሠራሉ። ከዚያ ላባ እንዳመጣ አዘዘኝ። ዶሮይቱን ይዤ ስነቅል እናቴ፣ “እሷ ደግሞ ምን አደረገች? ቤንዚን አስመጣች?” አለች። አባቴ ሲስቁ የሰማሁ መሰለኝ፤ ፊታቸው ግን ወደ መሪው ነበር።

ደርሰህ ላባውን ዘይት ውስጥ ነክሮ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ እየዞረ ይቀባ ጀመር። ከፊት ቀባ፤ ለውጥ የለም። ከጎን ቀባ፤ ለውጥ የለም። ከኋላ በኩል፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ላባውን ሲያስገባ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። መንተፋተፉ ቆመ፤ ወንበሩ መንቀጥቀጡን ተወ። ደርሰህ ወደ እኔ አልዞረም።

“አያ፣ እግርህን አንሣ” አለ።

አባቴ አነሡ። ሞተሩ አልጠፋም። ሦስታችንም አዳመጥነው። ዘይቱን መጥጦ ሲጨርስ እንደገና መንገዳገድ ጀመረና አባቴ እግራቸውን ቶሎ መልሰው፣ “በል ድገመው፤ ከዚያው ቦታ” አሉ። ደገመው፤ እንደገና ረጋ። መልእክተኛ እንዳላቸው ሁለቱም ረስተው ነበር።

ካርቡሬተሩ ሲወልቅ፣ ከሥሩ አየር እንዳያስገባ የሚደረገው ስስ ወረቀት ከኋላው ተቀድዶ ተገኘ። ሁለቱም አዩት፤ ማን እንደ ቀደደው አንዳቸውም አላነሡም። ተተኪው በከተማው አይገኝም፤ ነጋዴው ደግሞ ነገ ይመጣል። ብራና ፍቀው መጽሐፍ ወደሚጽፉት ጎረቤታችን፣ ወደ መሪጌታ፣ አባቴ ላኩን። መሪጌታ ከቁርጥራጩ እየመረጡ፣ “ምን ይጻፍበት?” ብለው ጠየቁ። ደርሰህ፣ “ባዶው ይበቃል መሪጌታ፤ ጸሎቱን ተሳፋሪው ያደርሰዋል” አላቸው። ብራናውን አባቴ ያዙ፣ ደርሰህ በምላጭ ቆረጠ፤ ዘይት አጥግበው ገጠሙት።

ቅዳሜ የወረታው ነጋዴ መጣ። ሞተሩ ተነሥቶ ሚኒሞ ላይ ሲቀር ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማ። “ታማለች ብላችሁኝ አልነበር እንዴ?” አለ። አባቴ፣ “ድናለች” አሉ። “እንግዲያ ዋጋዋን ንገሩኛ።” አባቴ ወደ ደርሰህ ዞረው፣ “ምን ትላለህ?” አሉት። ደርሰህ፣ “ገሳይ ሰው ይጠብቀኛል” ብሎ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሑመራ ሳይወርድ ቀረ፤ ከእኛ ቤትም የወጣው እናቴ እንዳለችው በሠርግ ነው።

እህቴ ይህን ስነግራት ራሷን ትነቀንቃለች። “አያ” ያለ የለም፤ አባታችን ናቸው “ላንሣ?” ብለው ቀድመው የጠየቁት ትላለች። እሷ ያኔ ከእናቴ ጋር ደጃፉ ላይ ነበረች፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ሞተሩም ይጮኽ ነበር። ለሁለታችንም አልፈርድም። ወረቀቱንም የቀደደው፣ አንዱ የሌላውን ጥፋት ለማሳየት ካርቡሬተሩን ያወለቀበትና የገጠመበት እጅ ይመስለኛል። ነገር ግን መጀመሪያ ሳያወልቁትም ሞተሩ ይጠፋ ነበር፤ ሕመሙ በምን እንደ ጀመረ ማስረጃ የለኝም።

ዛሬ የእህቴ ልጅ በዚያው መንገድ ሚኒባስ ይነዳል። ሞተሩ ሲያስቸግረው ከመሪው ሥር ትንሽ መሣሪያ ይሰካና ጥፋቱን ከስልኩ ላይ ያነባል። ብቻውን ይጀምራል፣ ብቻውን ይጨርሳል። አልነቅፈውም፤ ገሳይ ላይ ወርደው ይገፉ የነበሩትን ሰዎች ሳስብ እንዲያውም እመርቀዋለሁ። ግን ያ መሣሪያ ያን ዓርብ በእጃችን ቢኖር፣ አባቴ እግራቸውን ለማን ያውሱ ነበር?

ባለፈው ጥቅምት ብራናውን ይዤ ደርሰህን ልጠይቅ ደብረ ታቦር ሄድኩ። እጅግ አርጅቷል፤ አንዳንዴ ስሜን ይስታል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ብራናውን አገላብጦ አየው፣ አሸተተው፣ በመካከሉ ቀዳዳም አሻግሮ ወደ እኔ ተመለከተ። አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል።

“ቤንዚኑ ግን ውሃ ነበረበት” አለ። “ለአባትህ ንገረው።”

እየቀለደ እንደሆነ ከፊቱ ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

“እነግራቸዋለሁ” አልኩት።