ፌስታል የታሰረባት አፍንጫ

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንድ የአትክልት ማቀዝቀዣ መጋዘን አለ። በሞተር ክፍሉ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንዲት ነጭ ሳጥን ተሰቅላለች። መጋዘኑን የሚያቀዘቅዘው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ካፈተለከ ቀድማ አሽትታ ሳይረን የምታስጮህ ሴንሰር ናት። ሽንኩርት የሚመርጡት ሴቶች ግን «የጋሽ እሱባለው አፍንጫ» ይሏታል። የሰቀላት የመጋዘኑ ቴክኒሻን እሱባለው ነው፤ አቧራዋን በለስላሳ ብሩሽ የሚጠርግላትም፣ ከትንሽ ሲሊንደር ጋዝ ነፋ እያደረገ የሚፈትናትም እሱ ነው።

ከመጋዘኑ ግድግዳ ኋላ የዘሊካ ቤት ነው። ዘሊካ የመጋዘኑን ወለል የምታጥበው የራቢዓ እህት ናት። ባሏ የሞተ ጊዜ የለቅሶው ድንኳን ግድግዳውን ታክኮ ተተከለ። እሱባለውም ሊያስተዛዝን ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሸሁ ዱዓ ጀምረው ሰዉ «አሚን» ሲል ሳይረኑ ለቀቀው። ዘሊካ ደንግጣ ብድግ አለች።

«ኧረ በአላህ! ለሐዘንተኛ እንኳ አይታዘንም?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

እሱባለው ፊቱ ጋለ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ሮጠ። ክፍሉ ምንም አይሸትም፤ ሳጥኗ ውስጥ ጤዛ ገብቶ ነው ያስጮሃት። በነጠላው ጫፍ ሲያደርቃት ዝም አለች። ደግሞ ጤዛ እንዳይነካትና ለቀስተኛውን እንዳትረብሽ፣ መሬት የወደቀ ሰማያዊ ፌስታል አንስቶ አለበሳትና በሲባጎ ሸብ አደረጋት።

«ለቅሶው እስኪያልፍ ነው» አለ ለራሱ።

ድንኳኑ ፈረሰ። የሳጥኗ መፈተኛ ቀን ገና ስለነበር ፌስታሉ ተረሳ።

አንድ ጠዋት የአንዱ ቫልቭ ማሸጊያ ላልቶ አሞኒያው አፈተለከ። ሳይረኑ ትንፍሽ አላለም። ወለል ታጥብ የነበረችው ራቢዓ ዓይኗ ሲቃጠል «ውጡ! ውጡ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወጡ። ቆንጅት ብቻ ነጠላዋን ልታነሳ ተመልሳ ጋዙን ሳበችው፤ እያሳለች በባጃጅ ጤና ጣቢያ ተወሰደች።

እሱባለው የጋዝ ጭምብሉን አጥልቆ ገብቶ ቫልቩን ዘጋ። ቀና ሲል ሰማያዊውን ፌስታል አየ። ግራ ቀኙን አይቶ ፈታውና ኪሱ ከተተው።

ሥራ አስኪያጁ ሙላት ሁሉንም ሰብስቦ ራቢዓ ላይ ጮኸ።

«በጎማ ወደ ላይ አትርጪ ብዬሽ አልነበር? ውሃ አስገብተሽባት ነው ያልጮኸችው። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

ራቢዓ እሱባለውን አንድ ጊዜ አየችውና አቀረቀረች። እሱ ኪሱ ውስጥ ያለው ፌስታል ኮሽ እንዳይል በእጁ ተጭኖ ቆመ።

በር ላይ ሽርጧን ስትጠቀልል ደረሰባት።

«ለምን ዝም አልሽ? ውሃ አልረጨሁም አትይም ነበር?»

«ፌስታሉን አይቸዋለሁ እኮ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ላስታውስዎት እያልኩ ሳፍር ከረምኩ። የእህቴ ለቅሶ እንዳይረበሽ ብለው ነው ያሰሩት። ለእኛ ብለው ያደረጉትን በሰው ፊት ላውጣው? ወላሂ አላደርገውም።»

እሱባለው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ራቢዓ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ተመለሰ። ሴቶቹ ገና አልተበተኑም። ፌስታሉን አውጥቶ የሽንኩርቱ ሚዛን ላይ አኖረው።

«ራቢዓ የለችበትም። እኔ ነኝ ያሰርኳት። ዛሬም ፈትቼ ደበቅሁት።»

«አንተ? አንተ ራስህ?» አለ ሙላት።

መይሙና የምትባለው ምላሷ የማይያዝ ሴት እንኳ ድምጿ አነሰ። «እኛ እኮ ጋሼ፣ እርስዎን አምነን ነበር የምንገባው።»

እሱባለው ሄዶ ራቢዓን ከመንገድ ወደ ሥራዋ መለሳት፤ ከዚያ ብርቱካን ገዝቶ ቆንጅት ዘንድ ሄደ። ቆንጅት ድናለች፤ ስትስቅ ግን ዛሬም ያስላታል።

ሙላት በማስጠንቀቂያ አለፈው። አሁን እሱባለው አፍንጫዋን ከመፈተኑ በፊት ዘሊካ ደጅ ይቆማል።

«ዛሬ ትጮሃለች፣ እንዳትደነግጡ።»

«ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ምነው ከደጅ?» ትለዋለች።

«ሌላ ጊዜ» ይላል፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ። እስካሁን አልገባም።