ነቀምቴ ካዝና ውስጥ የተቆለፈው ዲስኬት

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ከምንም በላይ ለማመስገን ነው። እኔ በገዛ እጄ የቆለፍኩትን ነገር የወለጋ ሰዎች በአንድ ሳምንት ከፈቱልኝ፤ ያውም ሳይሰድቡኝ። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እሰድብ ነበር።

አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለት ባልደረቦቼና እኔ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየተቀመጥን ኮምፒዩተር በአማርኛ እንዲጽፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ሠራን። ልንሸጠው አልፈለግንም። ማንም እንዲወስደው፣ እንዲገለብጠው፣ ጉድለት ካገኘበት እንዲያርመው ብለን ፕሮግራሙ የተጻፈበትን እያንዳንዱን መስመር ሳይቀር በወረቀት አትመን ከዲስኬቱ ጋር በፖስታ ላክን። ወለጋ ውስጥ ኮምፒዩተር ያላቸው ሦስት ቦታዎች ደረሳቸው፤ ነቀምቴ፣ ዲጋና ቢላ። አምስት ወር ሙሉ ከሦስቱም ድምፅ የለም።

በስድስተኛው ወር ከነቀምቴ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ጫልቱ የምትባል የአንድ እርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ኮምፒዩተራቸው አማርኛ ማተም ስላልቻለ በመጪው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል፤ የወሩን ሪፖርት በአማርኛ አትሞ ካላሳየ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይዛወራል። "ሁለት ዓመት ታግዬ ነው የለመድኩት፤ ከሄደ ወደ ድሮው መኪናዬ መመለሴ ነው። ብትችሉ ድረሱልኝ" ይላል። አለቃዬ አንድ ሳምንት ፈቀደልኝ። ከግምጃ ቤት ዐሥር ባዶ ዲስኬት በፊርማዬ አወጣሁ፤ የይለፍ ወረቀቴን ከቀበሌ ተቀብዬ ሻንጣዬን ሸከፍኩ።

ሰኞ፦ እስከ ነቀምቴ

ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። አምቦን አልፈን ጉደር ሳንደርስ ኬላ ላይ ወረድንና ተፈተሽን። ፈታሹ ወታደር ከሻንጣዬ አንዱን ዲስኬት አውጥቶ ወደ ፀሐይ አነሣና በመሐሉ ባለው ቀዳዳ አጮለቀ። ምን እንዳለበት ጠየቀኝ፤ ገና ባዶ ነው፣ ፊደል ሊገባበት ነው አልኩት። ደግሞ አየና "ባዶ ከሆነማ ሂጂ" ብሎ መለሰልኝ። ቀልቤ ተገፎ ስለነበር አመሰግናለሁ ማለቱንም ረሳሁ።

ባኮ ላይ ማንጎ በየመስኮቱ ይቀርባል፤ አምስቱ በሃምሳ ሳንቲም። ቀሚሴ ላይ እያንጠባጠብኩ ሦስቱን ጨረስኩ። ሲሬ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰና ሁለት ሰዓት ቆምን። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት የሽምብራ ቆሏቸውን አካፈሉኝ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ የኔ ኦሮምኛ ደግሞ ደኅና ነኝ ከሚለው "ፈያዳ" አያልፍም፤ ቢሆንም መንገዱን ሙሉ ሲያጫውቱኝ ቆዩ። ነቀምቴ የገባነው ማምሻው ላይ፣ ዝናብ እያካፋ ነው። ጫልቱ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን፣ ነገር የማያልፋት ሴት ናት። አሮጌውን ታይፕ ራይተር "መኪናዬ" እያለች ነው የምትጠራው።

ማክሰኞ፦ ነቀምቴ

ቢሮው ስንገባ ዲስኬቱን አምጪ አልኳት። "እኔ ጋ አይደለም፤ ኦቦ ገመቹ ጋ ነው" አለችኝ።

ኦቦ ማለት አቶ ነው፤ ኦቦ ገመቹ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቁልፎቻቸው ወገባቸው ላይ የሚንሿሹ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። "አካም ቡልቴ፣ አዴ ሰብለ" ብለው ተቀበሉኝ፤ እንዴት አደርሽ፣ ወይዘሮ ሰብለ ማለታቸው ነው። አላገባሁም፣ አዴ አይበሉኝ ብል ጫልቱ ሳቀች፤ እዚህ አገር ለአክብሮት ነው፣ ባል አይጠየቅበትም አለችኝ።

ኦቦ ገመቹ ካዝናቸውን ከፈቱ። ዲስኬቱ በቡናማ ፖስታ ታሽጎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ቁጥር ተለጥፎበታል። ጫልቱ አንድ ቀን ብቻ ሞክራዋለች። ከዚያ ቋሚ ዕቃ ተብሎ መዝገብ ገባ። ቋሚ ዕቃ ማለት እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር የሚቆጠር፣ ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ ውጭ ንቅንቅ የማይል፣ ቢነካካ የሚያስጠይቅ ማለት ነው። ማን እንዲህ አድርጉ አላችሁ ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ከዲስኬቱ ጋር የመጣውን ደብዳቤ አውጥተው ዘረጉልኝ። "የመንግሥት ንብረት ስለሆነ በኃላፊነት ተረክባችሁ በጥብቅ እንድትጠብቁ" ይላል። ከሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በላይ የኔ ፊርማ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አለቃዬ ቶሎ ማኅተም እንዲያደርግልኝ ብዬ ከሌላ ደብዳቤ ላይ የገለበጥኩት ዓረፍተ ነገር ነው። በዚህ ዘመን ማባዣ መሣሪያና ወረቀት የነካ ሰው ስንት ጣጣ እንደሚመጣበት እያወቅኩ፣ እንደዚያ ያለ ቃል ጽፌ ሰዎቹ እንደልባቸው እንዲገለብጡት ጠበቅኩ። እነሱ ደግሞ ያልኳቸውን አንዳች ሳያጓድሉ ፈጸሙ።

ዲስኬቱ በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ ወጥቶልን አብረን ጫንነው። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፕሪንተሩ ላይ ግን እያንዳንዱ ፊደል አናቱ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። እኛ አዲስ አበባ እንዲህ ዓይነት ፕሪንተር የለንም። ቀኑን ሙሉ ስነካካ ዋልኩ፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጠዋቱ ፈቀቅ አላልኩም፤ ዲስኬቱም ወደ ካዝናው ተመለሰ። ጫልቱ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ማታ በቅቤና በእርጎ የራሰ ወፍራም ቂጣ፣ ጩምቦ፣ አቀረበችልኝ፤ እያፈርኩ በላሁ።

ረቡዕ፦ ዲጋ

ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ቅርብ ነው። አንድ መምህር በገበሬዎች ማሠልጠኛው ያለውን ኮምፒዩተር ይጠብቃል። ዲንቃ ይባላል። ፕሮግራሙን ሞክረኸዋል ወይ ስለው አልነካሁትም አለ። ሻይ አስመጣ፤ ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ደብዳቤው የኔ ጥፋት መሆኑን፣ የመጣሁትም ጥፋቴን ላርም እንጂ ልቆጣጠር አለመሆኑን ስነግረው ግን ተነሣና ከመሳቢያው ሥር ወረቀቶች አወጣ።

የትኛውን ቁልፍ ስትነካ የትኛው ፊደል እንደሚመጣ በሠንጠረዥ ሠርቶታል። አጠቃቀሙንም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ገበሬ ሠልጣኝ እንዲገባው አድርጎ ጽፎታል። እኛ ሦስታችን ከጻፍነው አሥር እጥፍ ይበልጣል። አራት ወር ደብቆት ቆይቷል። "ያለ ፈቃድ ጨመርክበት እንዳልባል ነው" አለኝ። ቀጥሎ አንድ ነገር ነገረኝ፦ ከቢላ በአማርኛ የታተመ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ፊደሉም ሙሉ ነው።

ሐሙስ፦ ቢላ

ነቀምቴ ተመልሼ አድሬ፣ ጎሕ ሲቀድ ጫልቱ በለመነችልኝ የእህል መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ቢላ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ሾፌሩ ጫማዬን አይቶ አዘነልኝና የራሱን ቦቲ አዋሰኝ። እግሬ ውስጡ እየዋኘ ስገፋ መንገደኛውን ሁሉ አሳቅኩ።

የቢላው ሰው ፈይሳ ይባላል። ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ አሁን የአንድ ልማት ፕሮጀክት ጄኔሬተርና ኮምፒዩተር ኃላፊ ነው። ፕሪንተሩ እንደ ነቀምቴው ነው። አስተካከልከው ወይ አልኩት። በራሱ ነው የሚያትመው አለ። እንዴት በራሱ ስለው፣ እንዲሁ ነው አለ። ይህን ያህል የሚፈራ ጎበዝ አይቼ አላውቅም፤ አጠገባችን ደግሞ ፊደሉ ሳይቆረጥ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል። ተናደድኩ፤ ግን በማን ልናደድ?

ወረቀት አወጣሁና ቆሜ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ማንም እንዲወስደውና እንዲያርመው የተሰጠ መሆኑን፣ ፈይሳ የለወጠውም በእኔ ጥያቄ መሆኑን፣ ለሚመጣው ሁሉ ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን አስፍሬ ፈረምኩ። ማኅተም የለውም።

ፈይሳ ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተውና "አሥራ አንድ መስመር ነው የነካሁት፤ ሌላውን አልነካሁም" አለኝ።

"አሥራ አንዱን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ከባዶዎቹ ዲስኬቶች በአንዱ ላይ ገለበጠልኝ። በዚያው መኪና፣ ዲስኬቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ተመለስኩ።

ዓርብ፦ ካዝናው

ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው በር ላይ ነበርን። ኮሚቴው አራት ሰዓት ይመጣል። ዲስኬቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳቀርብ ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ዘረጉ። ከውጭ የገባ ዕቃ ገቢ ሳይሆን ሥራ ላይ አይውልም። ገቢ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ዕቃ ነው፤ ለመውጣት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊርማ ያስፈልገዋል። ኃላፊው ያሉት ከኮሚቴው ጋር ነው።

ለመንኳቸው። ዛሬ ብቻ አላየሁም ይበሉ አልኩ። እሳቸው ያዩትን አላየሁም የሚሉ ሰው አይደሉም። ጫልቱ በኦሮምኛ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ድምጿ አልጮኸም፣ እንባዋ ግን መጣ። ቃሉ ባይገባኝም የምትለው ገባኝ። እሳቸው ስለ ወረቀቱ ከሷ ሰምተው ኖሮ ለፈይሳ ምን ጽፈሽ እንደሰጠሽው ንገሪኝ አሉኝ። ቃል በቃል ነገርኳቸው።

"ማንም ይውሰደው ነው ያልሽው? ሲወስደውም አይመልስም?"

"አይመልስም፣ ኦቦ ገመቹ። ለሌላ ነው የሚሰጠው።"

መዝገባቸውን ገለጡ። የቋሚ ዕቃውን ገጽ አለፉ፤ ወደ መጨረሻው ሄዱ። ሳሙና፣ ጠመኔ፣ ካርቦን፣ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚጻፍበት የአላቂ ዕቃ ገጽ ነው፤ ለሠራተኛ ይሰጣል፣ ሥራ ላይ ይውላል፣ ተመላሽ አይጠየቅም። መነጽራቸውን አስተካክለው ከሳሙናው ሥር "ዲስኬት" ብለው ጻፉ። የድሮውንም ከካዝና አውጥተው ወደዚያው ገጽ አዛወሩት። ከዚያ "ጫልቱ፣ ፈርመሽ ውሰጂ" አሉ።

ኮሚቴው ሲገባ ፕሪንተሩ እየጮኸ ነበር። ሪፖርቱ አራት ገጽ ሆኖ ወጣ፤ ፊደሉ አናቱም እግሩም በቦታው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አገላብጠው አነበቡና አንድ የፊደል ግድፈት አግኝተው አስታረሙ። ጫልቱ እዚያው አርማ ደግማ አተመችላቸው። ኮምፒዩተሩ የትም አልሄደም። እሷ ከዚያ በኋላ ወጥታ ከቢሮው ጀርባ ለብቻዋ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም ተከትያት ወጥቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፦ ገበያ

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ዲንቃም ፈይሳም ነቀምቴ መጡ። ጫልቱ ምሳ አዘጋጅታ ነበር። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ፤ እናንተ ያረማችሁትን ወደኔ ላኩ፣ እኔ ሰብስቤ፣ አሽጌ እልክላችኋለሁ አልኩ። ሌላ ካዝና እየሠራሁ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

"እኛ ዳዶ እናውቃለን" አለች ጫልቱ። ዳዶ ገበሬዎች በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ የሚያርሱበት ነው፤ ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ፣ ተረኛው ደግሞ ምሳ ያበላል። እንደዚያው ይሁን ተባለ። በየወሩ አንዱ ከተማ ተረኛ ይሆናል፤ የሁሉንም እርማት ተቀብሎ፣ ሞክሮ፣ ለሌሎቹ አባዝቶ ያዘጋጃል። አዲስ አበባም እንደ አንድ ማሳ ተራዋን ትጠብቃለች። የመጀመሪያዋ ተረኛ ጫልቱ ሆነች፤ ምሳውን አስቀድማ አብልታናለች።

የቀረው እንዴት ይጠቅለል ነበር። ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸውን የጉራጌ ነጋዴ አቶ ሸምሱን ጠየቅናቸው። ካርቶን በልክ ቆርጠው ዲስኬቱን በሁለት ወገን ደገፉት፤ የዲንቃን ሠንጠረዥ ላዩ ላይ አድርገው በስኳር ላስቲክ ሸፈኑትና አፉን በሻማ እሳት አጣበቁት። "ዲዴሳ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅም ደርቆ ይወጣል" አሉ። ዋጋውን ስጠይቅ ተቆጡኝ። ዘጠኝ አሸግን፣ ሦስቱ ለየጎረቤቶቻቸው ሊያዳርሱ ተካፈሉት፤ ከየላስቲኩ ውስጥ የፈይሳ አሥራ አንድ መስመር፣ የዲንቃ መመሪያና በጫልቱ ፕሪንተር የታተመ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ "ገልብጡ፣ አርሙ፣ ለጎረቤት አሳልፉ" ይላል። ማኅተም አልጠየቅንም።

መመለስ

እሑድ ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ማር፣ ቡናና የጫልቱ ጩምቦ እንጂ ዲስኬት አልነበረም። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር፤ ፊደሉ የት ደረሰ አለኝ። ገባ አልኩት። በዚህ ጊዜ አመሰግናለሁ ማለቱን አልረሳሁም።

ስንት ዓመት ኮምፒዩተር የተማርኩ ሰው፣ የሠራሁትን ነገር እንዴት እንደምሰጥ ያስተማሩኝ አንድ የንብረት ክፍል ኃላፊና አንድ ባለሱቅ ናቸው። ጫልቱን፣ ዲንቃን፣ ፈይሳን፣ ቦቲውን ያዋሰኝን ሾፌር፣ ቆሎ ያካፈሉኝን እናት ሁሉ እንዳመሰገንኩ አለሁ። በቋንቋቸው፣ ገለቶማ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ የግምጃ ቤታችን ሰው ሰነዱን ይዞ ጠበቀኝ። ዐሥር ዲስኬት በፊርማሽ ወጥቷል፣ ዐሥሩን መልሺ አለኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩለት፤ ባዶ ነው።

"ከሳሙናው ሥር ጻፈው" አልኩት። "አልቋል።"