በዒድ ቀን ምስር ማን ይበላል?

አፑ ስልኬ ላይ የገባ ሰሞን ባለቤቴ መሳቂያ አደረገኝ። «ቡሌ በስልክ መጣልሽ?» ይለኛል። ቡሌ ከየሆቴሉ የተራረፈው ምግብ ተቀላቅሎ ለችግረኛ የሚሸጠው ነው። እሱ ደግሞ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው ስለሆነ የሰው ትራፊ ቤቱ የገባ መሰለው። የኔም አፍ አያርፍም፤ «ይሄ የምታኝከው ዳቦ ከዚያው የመጣ ነው፣ ጣፈጠህ አይደል?» አልኩት። ሌላ ቁራሽ ቆረሰ።

ነገሩ ቡሌ አይደለም። ዳቦ ቤቱም፣ ኬክ ቤቱም፣ ፍራፍሬ ሻጩም ወደ ማምሻው ያልተሸጠለትን ንጹሕ ምግብ ስልኩ ላይ ያወጣዋል፤ በግማሽ ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። የፈለገ ሰው «ይያዝልኝ» የሚለውን ይጫንና መያዣውን ይዞ ሄዶ ይወስዳል። ለድሬ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሙቀት ጠዋት የተጋገረ ዳቦ ማታ ድንጋይ ይሆናል፤ መብራት ሲጠፋ ኬክ የሚሆነውንማ አለማየት ነው። እዚህ አገር የተረፈ ምግብ ለነገ አይባልም።

አፑን ያስለመደችኝ ጎረቤቴ ናት፤ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር፣ ከቤታችን አለፍ ብላ ሳምቡሳ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው። ወሬ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ በሶማሊኛ ታስኬደዋለች፣ በአማርኛ ትጨርሰዋለች፤ ስትሳደብ ደግሞ ሦስቱም ያምሩባታል። ምግብ ሲደፋ ግን ስድቡም ይጠፋባትና ፊቷ ይጠቁራል። «ወላሂ፣ አላህ የሰጠሽን ሪዝቅ መሬት ላይ ደፍተሽ ነገ ደግሞ ስጠኝ ማለት አያሳፍርም?» ትላለች። ስለዚህ አፑ ሲመጣ በመንገዳችን መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ነበረች፤ ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀመች።

ያ ዓመት ግን ከበዳት። ዘይት ተወደደ፤ ሰዉም ዋጋ ጠይቆ ማለፍ አበዛ። ረመዳን ሊገባ ሲል «ይሄ ወር ካላነሳኝ ሱቁን ዘግቼ ሰው ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ እገባለሁ» አለችኝ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ምላስ፣ ሰው ቤት። እስቲ ማን ይችላታል? አልኩና ልስቅ ስል ሆዴ ባባ።

ወሩ ደህና ሄደላት። ከከሰዓቱ የዓሱር ሶላት በኋላ ሱቋ በር ላይ ሰው ይሰለፋል፤ ጀንበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል የቀረውን ስልኩ ላይ ታወጣዋለች፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ለኢፍጣር ይሻሙበታል። የተሳሳተችው መጨረሻው ላይ ነው። ወሩ ሃያ ዘጠኝ ይሁን ሠላሳ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነው። ያለፈው ዓመት ሠላሳ ሞልቶ ስለነበር ዘንድሮም ይሞላል ብላ ለመጨረሻው ኢፍጣር ያላትን ሁሉ አፈሰሰችበት። ሥጋ በዓሉ ሲቃረብ ስለተወደደ ይሄን የመጨረሻውን ሁሉ በምስር ነበር የሞላችው። ቅዳሜን፣ ሃያ ዘጠነኛውን ቀን፣ እኔና እሷ ስንጠቀልል ዋልን።

«ጨረቃ ዛሬ ብትታይስ?» አልኳት።

«አቦ አታሟርቺብኝ» አለችኝ።

ታየች። ሰፈሩ በደስታ ተንጫጫ፣ ልጆች መንገዱን ሞሉት፣ እሷ ግን ትሪዎቹን እያየች ቆማ ቀረች። «ዒድ ሙባረክ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

«በዒድ ቀን ምስር ማን ይበላል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ወር ሙሉ የጾመ ሰው ሥጋውንና ሩዙን ትቶ የምስር ሳምቡሳ ፍለጋ አይወጣም። ያላት ገንዘብ ሁሉ እነዚያ ትሪዎች ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በነጋታው ቀትር ላይ ደግሞ ይኮመጥጣል። ሱቁም አብሮት አለቀለት ማለት ነው።

ሲነጋ ሄድኩ። ልጆቿን ለዒድ ሶላት ልካ እሷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አገኘኋት። ገና ሳልቀመጥ «የእናንተ ጾም አላለቀም አይደል?» አለችኝ። ሁዳዴ ላይ ነበርን፤ እንኳን ሊያልቅ። ደስ አለኝና «ጥበሺውና አውጪው፣ ጾመኛ ሞልቷል» አልኳት። የዘይቱን ጀሪካን አነሣች፣ ወደ መጥበሻው ሄደችና ቆመች።

«ይሄ መጥበሻ ወሩን ሙሉ ሥጋ ሲጠበስበት የከረመ ነው።»

«እጠቢውና አዲስ ዘይት አድርጊበት።»

«ለእኔ የአሳማ መጥበሻ ታጥቦ ቢቀርብልኝ ሳይነገረኝ ልብላበት?» አለችኝ።

እኔ ክርስቲያኗ ያላሰብኩትን ጾም እሷ አሰበችልኝ። ማንም አያውቅባትም ነበር እኮ። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ስልኳን አንሥታ በዚያች በአንድ ጣቷ መጻፍ ጀመረች፦ «የምስር ሳምቡሳ። ጥሬ ነው። ሊጡ ዱቄት፣ ውሃና ጨው ብቻ። መጥበሻዬ ሥጋ ነክቶታል፤ ጾመኛ ወስዶ በቤቱ ይጥበስ። በግማሽ ዋጋ።» ነጋዴ ገበናውን እንዲህ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከሶላት የሚመለሰው ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ በበሩ ያልፋል፣ «ዒድ ሙባረክ» ይላታል፣ እሷም ትመልሳለች፤ ስልኩ ግን ድምፁ የለም። ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ከእኔ ስልክ ደወለችበት፤ ጮኸ፣ ደህና ነው። ባለቤቴ ሊጠራኝ መጥቶ ያወጣችውን አነበበና «ጥሬ ሳምቡሳ ደግሞ በስልክ ማን ይገዛል?» አለ። ልገድለው ነበር። እሷ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ትሪዎቹን ሸፈነች። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፣ ደግማ ታርሰዋለች። እኔ በውስጤ ተናደድኩ፣ በእሷም ጭምር። ለማን ብላ ነው ይሄ ሁሉ ቅንነት? ጠብሳ ብታወጣው እስካሁን አልቆ ነበር እያልኩ ተብከነከንኩ።

ዕለቱ እሁድ መሆኑ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው። እኔ ቅዳሴ ላይ ብዙም ጎበዝ አይደለሁም። ሳምቡሳውን የሚገዛው ጾመኛ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ይሄንኑ ስነግራት «አንቺስ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከነጋ የሳቀችው ያኔ ነው።

ቅዳሴው ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። ደገመ። ከዚያማ ማባሪያ አጣ፤ አንዱን «እሺ» ሳትል ሌላው ይገባል። ነጠላ የለበሰው ሁሉ እግረ መንገዱን ጎራ ይላል፤ ሳህን ከቤቱ አምጥቶ የመጣ አለ፣ በፌስታል የወሰደ አለ። ስልክ የሌላቸው አንዲት እናት ወሬውን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰምተው መጡና «ስለ መጥበሻሽ የተናገርሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ካንቺ ነው የምገዛው። እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ።»

«እናንተንም ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ» አለች፤ ሳምቡሳውን ስትቆጥር ግን ቁጥሩ ጠፋባትና እኔ ቆጠርኩላቸው።

ቀትር ሳይደርስ ትሪዎቹ ባዶ ሆኑ። እኛ ቤትም የደረሰን ነበር፤ ባለቤቴ ራሱ ጠብሶ በላ። እሷ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና የዒድ ቀሚሷን ሳትለብስ ግማሹ ቀን እንደሄደ ያኔ ገና አየች። እኔ እንባዬ መጣ። ሰው እንዲህ ጨንቆት እያለ የሌላውን ጾም ሲጠብቅ ማየት የሚያኮራ ነገር ነው፤ ጎረቤቷ በመሆኔ ኮራሁ፣ ይሄንንም ነገርኳት። «በቃሽ፣ ዒዴን በለቅሶ አትሙዪብኝ» አለችኝ። ከዚያ እርጥቡን ጨርቅ እያጠፈች፦

«ጾማችሁ ስንት ቀረው?» አለችኝ።

«ሦስት ሳምንት።»

«እንግዲያው ነገ ከእኔ ጋር ቀፊራ ገበያ እንውረድ» አለችኝ። «ሥጋ የማይነካው ሌላ መጥበሻ እንግዛ።»