ልጄ ወፈረ የማትል እናት

እህቴ አዘዞ ውስጥ የልጅ ገንፎ ዱቄት ታዘጋጃለች። ገብሱን፣ አጃውንና ሽምብራውን ራሷ ቆልታ ታስፈጫለች፤ ለዚህ ስትል የመምህርነት ሥራዋን ትታለች። አምና ጥምቀት ሲቃረብ የከተማው ባለሱቆች ዱቄቱ ካልተሸጠ ከበዓሉ በኋላ እንደሚመልሱላት ነገሯት። ያ ከሆነ ወፍጮው ቀርቶ ወደ ጥቁር ሰሌዳዋ መሄዷ ነበር።

መፍትሔውን ከአንድ የሥልጠና አዳራሽ ይዛ መጣች። የረካች እናት ከየትኛውም ማስታወቂያ ትበልጣለች፤ እናቶችን አናግሪ፣ በስልክ ቅረጪ፣ ቃላቸውን አሰራጪ ብለዋታል አሠልጣኞቹ። እኔ ጽሑፍ የምሞነጫጭር ሰው ስለሆንሁ ጥያቄዎቹን እንዳዘጋጅላት ፈለገች። የአፍ ለአፍ ማስታወቂያ የሚሉት ነገር ሐሜት ከረባት ሲያስር ነው፤ እናቶቹንም ያለ ደመወዝ ሻጭ ማድረግ ነው አልኋት።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ይሸጥልኝ፤ ከዚያ ትፈላሰፋለህ" አለችኝ።

ጥያቄዎቹን አዘጋጀሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደንበኞቿ ልጆቻቸውን ታቅፈው መጥተው በእህል ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያዋ እናት ጭን ላይ ጉንጩ አንገቱን የሸፈነ ልጅ ተዘርፍጧል። እህቴ ስልኳን ደግና ዱቄቱን ከጀመረ ወዲህ ምን ለውጥ እንዳየችበት ጠየቀቻት።

"ኧረ ምን ለውጥ አለ? እንዲያው ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል።" ይህን ብላ ልጁን ከግራ ጭኗ ወደ ቀኝ ለማዛወር ቁና ቁና ተነፈሰች።

ሁለተኛዋ የእሷ ልጅ ጭራሽ ከስቷል አለች። ሦስተኛዋ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ ሥጋ የሚባል ነገር እንዳልያዘ ተገዘተች። ስልኩ ሁሉንም ይቀርጻል። ነገሩን መጀመሪያውኑ ነቅፌው ስለነበር ትንሽ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

እህቴ ታገሠች፣ ታገሠችና "ታዲያ ምነው በየሳምንቱ የምትገዙኝ?" አለች።

ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ያለችው መለሰችላት። "እቴ፣ ልጄ ወፈረ ብዬ በአደባባይ ልለፍፍበት? ነገ ዓይን ቢያገኘው ዱቄትሽ ያድነዋል?"

እናታችን እንግዳ ሲመጣ ግንባራችንን ጥላሸት ትቀባን እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። አሠልጣኞቹ ይህን አላሰቡትም፤ እኔ ተቃዋሚውም አላሰብሁትም። እናቶቹ ተነሥተው፣ የሳምንቱን ዱቄታቸውን ገዝተው ሄዱ። እህቴ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

ወደ ከተማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያችው የመጀመሪያዋ እናት ከፊቴ ነበረች። አጠገቧ ቀጫጫ ሕፃን የታቀፈች የማታውቃት ሴት ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ወፍራሙን ልጅ በአንዲት ቃል እንኳ አላደነቀችም። ዓይኗን ወደ መስኮቱ እንደመለሰች፣ ምን እንደምታበላው ብቻ ጠየቀች።

"ምን ይበላል ብለሽ ነው? ከመምህርቷ ዱቄት በቀር አልቀምስም ብሎ አቃጠለኝ። ሌላ ገንፎ ሳቀርብለት ይተፋዋል። አንቺ ልጅሽን እንዳታስለምጅው፤ መከራሽን ነው የሚያበላሽ።"

ሴትዮዋ ዱቄቱ የት እንደሚሸጥ ጠየቀች። እናትየዋም ምሬቷን ሳታቋርጥ መታጠፊያውን፣ የበሩን ቀለም፣ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ሳይቀር ነገረቻት።

ከሚኒባሱ እንደወረድሁ ለእህቴ ደወልሁና የሰማሁትን እንዳለ ነገርኋት። እሷም ቪዲዮዎቹን ላጥፋቸው ነው አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እናቶችን ስለ ልጆቻቸው አትጠይቅም። አዲስ ገዥ በሩ ላይ ስታይ ወደ ነባሯ ዞር ብላ "ዱቄቱ አስቸገረሽ እንዴ?" ትላለች። ነባሯ መማረር ትጀምራለች፤ አዲሷም ቆማ ትሰማለች። ምሬቱ እስከ ከተማው ሱቆች ደረሰ። ጥምቀት አለፈ፤ ከባለሱቆቹ ዱቄት የመለሰ የለም።