እስከ አምስተኛ ፎቅ የሚዘልቅ ግጥም

እኔ የሦስተኛ ፎቅ ሰው ነኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። እንጀራዬ በሰው አፍ ቢሆንም፣ ከአፍ የሚወጣ ነገር ብዙም አይደንቀኝም ነበር፤ የሊፍቷን እታለምን እስካውቅ ድረስ።

የሕንጻችን ሊፍት አሮጌ ነው። በሩ በእጅ ይሳባል፣ ሽቅብ ሲሄድ ያቃስታል፣ አምፖሉም ብርሃን የሚሰጠው እየሰሰተ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ውስጡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትነዳዋለች። ሁላችንም እታለም እንላታለን፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የጠየቃት የለም። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ከምድርም ከፎቅም አይደለም። ዓይኑ ይከብደዋል፣ ሐሳቡ ይንሳፈፋል፣ የመጣበትን ጉዳይ ለትንሽ ጊዜ ይረሳዋል። እታለም ይቺን ሰዓት ትጠብቅና፣ ማንንም ሳታይ፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ትጀምራለች፤

በሩን ገርበብ አርጋ፣ እህቴ ወጥታ ቀረች፤
«መጣሁ» ያለችኝ ቃል፣ ቤት ጠብቃ አደረች።

ይሄኔ ሦስተኛ ፎቅ ደርሰናል፤ እኔ መውረድ አለብኝ። ቀሪው ከኛ በላይ ላሉት ነው፤

ብርጭቆዋ ሙሉ፣ ሻዩም አልበረደም፤
ወንበሯ፣ ሄዳለች፣ ብሎም አልፈረደም።

«አንተ ታዲያ እንዴት አወቅኸው?» ካላችሁኝ፣ እስከ አምስተኛ እየወጣሁ በእግሬ እመለስ ነበር። የሁለተኛ ፎቋን ልብስ ሰፊ ደረጃው ላይ ስትወርድ አገኛታለሁ። «የረሳሁት ዕቃ ነበር» እንባባላለን። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ግጥሙ የእታለም አጎት የጋሼ ነው። ጋሼ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው። እታለምን በልጅነቷ ተቀብለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ግጥሙንም የጻፉት እህታቸው፣ ማለትም የእታለም እናት፣ የሞተች ጊዜ ነው። መጽሐፋቸው ውስጥ ታትሟል። መጽሐፉን ግን ከአራሚውና ከብል በቀር ያነበበው ያለ አይመስለኝም።

እታለም እሳቸው ባሉበት ግጥሙን አትልም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ከሰው ኋላ ገብተው ሳታያቸው ቀረች። እስከ ላይ ዝም ብለው ሰሟት። ሰው ሲወርድ፣

«መጨረሻው የታለ?» አሏት።

«ያ ይከብዳል፣ ጋሼ። ሰው እንዲገባው ብዬ ተውኩት።»

«ለሁሉም ላዳርስ ብለሽ ቆርጠሽ ጣልሽው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ።»

«መጽሐፉን እንደሆን የሚከፍተው የለ። እኔ ባልናገር እናቴን ማን ያውቃታል?»

«ግማሿን ከሚያውቋት፣ ጭራሽ ባያውቋት ይሻላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ሊፍቱን እርም አሉ። እልኸኛ ናቸው። ልባቸው ደካማ ነው፣ ሐኪሙ ደረጃ አይውጡ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ብረቱን እየጨበጡ ይወጣሉ። ከኔ በር ፊት ለፊት ትንፋሻቸው ያልቃል። ወንበር አወጣላቸዋለሁ፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ይቀመጣሉ። እታለም ሊፍቱ ሲያልፍ በበሩ ፍርግርግ ታያቸዋለች፤ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

እሷም ዝም አይነቅዝም ብላ ግጥሙን ተወችው። ሊፍቱ እንደ ድሮው ማቃሰት ብቻ ሆነ። ጋሼ ግን አሁንም አልገቡም።

«ዝም በይ ብያታለሁ እንዴ? ሙሉውን በይው ነው ያልኳት» አሉኝ።

ሄጄ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የመጨረሻው እኮ ለኔም አይገባኝም» አለች። «ሰው ቢስቅስ? በእናቴ ሲስቁ ከምሰማ ሞቴን እመርጣለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሷ ጋር ነበርኩ። ጥርስ ያለው ሁሉ አጥንት አይቆረጥምም እል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወንበሩ ጋ ሳይደርሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ የፊታቸው መልክ ተመለሰ፣ እግራቸው ግን እምቢ አለ። ሊፍቱን ጠራሁና ደግፌ አስገባኋቸው። ጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አቅፋ፣ ልብስ ሰፊዋ የሰው ኮት በክንዷ ይዛ ውስጥ ነበሩ። እታለም በሩን ሳበችው። አጎትና የእህት ልጅ አልተያዩም።

ሽቅብ ጀመርን። ብርሃኑ ደከመ፣ ወለሉ ተወዛወዘ። ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሰው ሥራ ላይ ሳያስበው እንደሚያንጎራጉረው፣ «በሩን ገርበብ አርጋ...» አለች። ልብስ ሰፊዋ ተቀበለቻት። እኔም ሳላውቀው ከንፈሬ ተከተለ። ሻዩ ጋ ደረስን፣ ወንበሯ ጋ ደረስን፣ ቆምን። እኛ የምናውቀው ግጥም እዚያ ያልቃል።

ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቀጠሉ፤

የምትመጣው እሷ፣ የሄደችው አይደለች፤
ያችን ፍለጋ ነው፣ ስትመጣ የዋለች።

አምስተኛ ፎቅ። እታለም በሩን ሳበችው። ማንም አልወረደም። እሷ ወለሉን እያየች ሳቅ ትጠብቃለች፤ አብሬያት እኔም።

«ጋሼ» አለች ጽዳት ሠራተኛዋ፣ «እኔ አልገባኝም፤ ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። እስኪ ይድገሙት።»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ሴትዮዋን ትኩር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ እታለም ዞሩ።

«የናትሽ ነው፤ አንቺ በይው።»

እታለም በሩን መልሳ ዘጋችና ሊፍቱን ወደ ታች ለቀቀችው። ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ከመጀመሪያው ጀመረችው። የመጨረሻውንም አንድ ቃል ሳትጥል ጨረሰችው። የኔ ፎቅ ካለፈ ቆይቷል።

ምድር ስንደርስ ጋሼ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

«ገባሽ?»

«አልገባኝም፣ ጋሼ።»

«እኔም ገና ነኝ» አሏት።