ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን

በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ የድንች ሽታ ነው። ክፍሉ ድሮ የዘር ድንች መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ጥጋጥጉ ላይ የደረቀ አፈር ቀርቷል። ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ከነተማሪ ዩኒፎርሜ ወደ ጣቢያው አመጡኝ። ያ ሽታ ግን የኛን ጓሮ አስታወሰኝና ትንሽ ተነፈስኩ።

ውስጥ ሴቶች ነበሩ። አንዲት ትልቅ ሴት፣ ገበሬ፣ ከላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ሥር ቆመው አየሩን ያሸታሉ። ልጅሽ የት ነው ሲሏቸው አልናገርም ብለው ነው የገቡት።

«እማማ፣ ምን ይሸታል?» አልኳቸው።

«ክምሬ።»

በኛ አገር ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የማያከስል ቤት ጥቂት ነው። እንጨቱ ይከመርና አፈር ለብሶ ከውስጥ ቀስ እያለ ይነዳል። ጭሱ ነጭና ወፍራም ከሆነ ገና ነው። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲሆን ደርሷል፤ ያኔ መተንፈሻውን በአፈር የሚደፍን ካልተገኘ ሁሉም አመድ ይሆናል። እማማን የያዟቸው ክምሩን በለኮሱ ማግስት ነው፣ ቤት የቀረ ሰው የለም። ቤታቸው ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ፣ ከገብሱ ማሳ ማዶ። የዓመት ልፋታቸው ሲጨስ በመስኮቷ ይታያል።

ዘቡን ጠሩት። «ልጄ፣ አንድ ሰው ልከህ አስደፍንልኝ።»

«እናቴ፣ ይሄ እስር ቤት እንጂ እድር አይደለም።»

«እውነትህን ነው፤ እድርስ ንፍሮ ያበላ ነበር።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ከሰዓት በኋላ ጭሱ ሰማያዊ ሆነ። ሳቁም ጠፋ። በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ክምር ያየ ሰው «አፈር! አፈር!» ብሎ ይጣራል፤ የሰማ ሁሉ፣ የተጣላም ቢሆን፣ አካፋውን ይዞ ይመጣል። የእማማን ድምፅ ግን ጉንፋን ዘግቶታል። መጮህም ክልክል ነው።

«ድምፅ አለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ ሰፈር ያውቀዋል! እናቴ ሁልጊዜ ቀንሺ ነው የምትለኝ።»

«እንግዲያ ዛሬ እንዳትቀንሺ።»

መስኮቷ እንድትደርሰኝ እማማ ትከሻ ላይ ወጣሁ። «አፈር! ኧረ አፈር! ከገብሱ ማዶ ያለው ክምር ደርሷል!» ማሳው ውስጥ አንድ ሰው ቀና ሲል አየሁ። ወዲያው በሩ ተበረገደ።

«ማነው የጮኸው?» አለ ዘቡ።

ገና ትከሻቸው ላይ ነኝ፤ ምኑን ልካደው?

«ውጪ! ግቢውን ትጠርጊያለሽ።»

ደስታዬን እንዳያይብኝ አቀርቅሬ መጥረጊያውን ያዝኩ። ውጭው የፈረስ ፋንድያና የረጠበ ሣር ይሸታል፤ በግማሽ ቀን እንዴት ናፍቆኛል! ከአጥሩ ማዶ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገ ሰው ክምሩ ላይ አፈር ይደፋል። ጭሱ እየሳሳ ሄዶ ተቆረጠ። ዘቡም አጠገቤ ቆሞ ወደዚያው ያያል።

«ያችን ጥግ ድገሚያት» አለኝ።

ጥጓ ንጹሕ ነበረች። ክምሩ ደህና አድርጎ የሚታየው ግን ከእሷ ነው። ደገምኳት።

ስመለስ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመው ጠበቁኝ። «ማን ደፈነው?»

«ባለ አረንጓዴ ኮፍያው።»

«ያ ድንበር ገፊ!» አሉና፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። እሳቸው ራሳቸው በመሬት ድንበር የከሰሱት ጎረቤታቸው ነበር።

ዛሬ ወደ እንጅባራ ስሄድ ከሚኒባሱ መስኮት የማየውን ጭስ ሁሉ ቀለሙን አያለሁ። ሰማያዊ ከሆነ አጠገቡ ሰው መኖሩን ሳላረጋግጥ ዓይኔን አልነቅልም። እናቴም ከተፈታሁ ወዲህ አንድም ቀን ቀንሺ ብላኝ አታውቅም።