የፕላስተር ጠላት

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ፕላስተር ስትረግም የምትውል ሴት አለች። እኔ መጽሐፍ እጠርዛለሁ። እሷ ሰዎች የጋዜጣ ቁራጭ፣ ፎቶግራፍና የትኬት ግማሽ በፕላስተር የለጠፉባቸውን አሮጌ የትዝታ ደብተሮች ትጠግናለች። ባለቤቶቹ ሲሞቱ ልጆቻቸው በካርቶን አጭቀው ያመጡልናል። ያኔ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ ወረቀቱንም በልቶታል። "እጃቸውን ይቁረጠው፣ በመርፌ ቢሰፉት ምን ነበረበት!" ትላለች። እኛም "የፕላስተር ጠላት" አልናት፤ ስትጠራ አቤት ትላለች።

እጇ ወርቅ ነው። መጀመሪያ የየገጹን ፎቶ ታነሳለች፤ ከዚያ በስስ ቢላዋ ፕላስተሩን ትልጣለች፤ ቁራጩን አጽድታ፣ ተጭኖ እስኪቃና አቆይታ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ በነበረበት ተራ ታስገባዋለች። አንዲት ቁራጭ ጠፍታባት አታውቅም። ስለዚህ ነገር ማውራት ከጀመረች ግን ማቆሚያ የላትም፤ "በናትሽ ምሳዬን ልብላ" ብያት አውቃለሁ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ከርሟል፤ ኋላ ደግሞ ማስታወስ አቃታቸው። አብራቸው የምትኖረውን ልጃቸውን እንኳ ማን እንደሆነች የሚስቱበት ቀን በዛ። በትዝታቸው የቀረው በጎልማሳነቱ የሞተው ግብ ጠባቂ ልጃቸው ብቻ ነበር። ዓይናቸው ሳይጠፋ ስለሱ ጋዜጣ ላይ የወጣውን ሁሉ ቆርጠው፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳይቀር በፕላስተር የለጠፉበት ደብተር ነበራቸው። ከሥራ ስትመለስ ጭናቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ገጹን በጣታቸው እየዳበሱ፣ "ይሄ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው፤ ይሄ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነበት" ይላሉ። ማሰሪያው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆማል። ያን ጊዜ እሷንም ያውቋታል፤ በስሟ ጠርተው "ነይ ንኪው፣ የወንድምሽ ነው" ይሏታል። ለዚህች ጥሪ ስትል ነበር ከሥራ እየሮጠች የምትገባው።

ነገር ግን በተዳበሰ ቁጥር ወረቀቱ ይረግፋል። "የሰው ደብተር እያዳንኩ የአባቴ ግን ዓይኔ እያየ ሊያልቅ ነው" አለችኝ። አለቃችንን አስፈቅዳ አመጣችው፤ የምሳ ሰዓቷን ሁሉ ሰዋችለት። ፕላስተሩ አንድ ሳይቀር ተነሳ፤ እጥፋቱ ሁሉ ተቃና። ማሰሪያው ገጹን እንዳያጎብጥ ለብቻው ይቀመጥ ተባለ፤ ሣጥኑን እኔ ሠራሁላት። ሲያልቅ እንደ ሙሽራ ፈክታ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ የሆነውን ነገረችኝ። አባቷ የመጀመሪያውን ገጽ ዳበሱ፣ ልሙጥ ፕላስቲክ። ሁለተኛውም ልሙጥ። እስከ መጨረሻው ሄደው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"አባዬ፣ ያው ደብተርህ እኮ ነው። ምንም አልጎደለም።"

"ይሄ የሰው ነው።"

ማሰሪያውን ከሣጥኑ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ቢያሻሹት ቢያሻሹት ተራ ክር ሆነባቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት" አሏት በትሕትና። "የልጄን ደብተር ካገኙት ያምጡልኝ።"

የገዛ አባቷ አንቱ አሏት። 

በዚያው ሳምንት የፕላስተር ጠላት ሱቅ ሄዳ ፕላስተር ገዛች። የገጾቹን ፎቶ አሳትማ፣ ቆራርጣ፣ በሌላ ደብተር ላይ እንደነበሩት ለጠፈቻቸው። አዲስ ማሰሪያም ጨመረች። ግን ያ በዘመን ብዛት የተጨማደደ፣ ጠርዙ የተነሳ ፕላስተር ከየት ይምጣ? አባቷ ዳበሱት፣ ዘጉት፣ አመስግነው መለሱላት። ከዚያ ወዲያ በስሟ ሳይጠሯት ባለፈው ክረምት አረፉ።

አለቃችን እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም ብሎ፣ የተጠገነውን ደብተር ለአዳዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ እንድታውሰን ለመናት። አምጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ትናንት አንዷ አዲስ ገቢ ገጾቹን እየገለጠች፣ "እንዴት ያምራል! የማን ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

ቢላዋዋን እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም።

"የሰው ነው" አለች።